የእምነት ወንድሜን ትቼ ለሌላው ድምፅ ብሰጥ ከዳሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ከወላጆቼና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። በቅርቡ ምርጫ አለ። በምርጫ ክልላችን ከሚወዳደሩት መካከል ሚዛን የሚደፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የእኛ እምነት ተከታይ ነው። ከአምልኮ ቦታ አይጠፋም፤ ንግግሩን በቅዱስ መጽሐፍ ቃል ጀምሮ በቅዱስ መጽሐፍ ቃል ይጨርሳል። ካሸነፈ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጠዋት ጠዋት በእኛ ጸሎት እንዲከፈቱ አደርጋለሁ ብሏል፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሁለተኛው የሌላ እምነት ተከታይ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት በምክር ቤት ሲሠራ ተከታትየዋለሁ። የድጋፍም ሆነ የተቃውሞ ድምፅ ሲሰጥ ምክንያቱን ወጥቶ ይናገራል፤ ደብዳቤ ስንጽፍለት ይመልሳል። ልቤ ወደ እሱ ያደላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ‹የእምነት ወንድምሽን ትተሽ ለባዕድ?› ብሎ ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በዚያው ሰሞን ሰባኪያችን ለሌላ እምነት ሰው ድምፅ መስጠት ክህደት ነው ብሎ ከመድረክ ተናገረ። ወንድሜ በበኩሉ ‹የመሪ ሃይማኖትና የጫማው ቁጥር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አያገቡሽም› እያለ ይስቃል። ሁሉንም መቀበል አቃተኝ። የአንድ መሪ እምነት ግድ ሊለኝ ይገባል ወይስ አይገባም? ለአባቴስ ምን ልበለው? — ግራ የገባኝ»

መልስ፦ ልጄ፣ ሃይማኖትሽን በስም አልጠቀስሽም። ደግ አደረግሽ። ብትጠቅሺው ኖሮ ግማሹ አንባቢ መልሴን ሳያነብ ወገን ይይዝ ነበር። እኔም ሳላውቀው እመልሳለሁ፤ የማንም እምነት ቢሆን የምለው አይለወጥምና።

በመጀመሪያ አንድ የራሴን ውርደት ላጫውትሽ። ከብዙ ዓመት በፊት በምኖርበት ሕንፃ ለነዋሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዝምተኛ፣ ሰላምታ እንኳ የሚሰስት ሰው ነበር። ሌላው ስብሰባችንን በጸሎት ከፍቶ በጸሎት የሚዘጋ፣ በዚያ ላይ የእኔው እምነት ተከታይ። እጄን ለማን እንዳወጣሁ መገመት አያቅትሽም። በሁለተኛው ዓመት የውኃ መሳቢያው ሞተር ተቃጠለና ለጥገና ገንዘብ ሲፈለግ ካዝናው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ደረሰኞቹን ብንጠይቀው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «ፈጣሪ ያውቃል» አለን። ፈጣሪማ ያውቃል፤ እኛ የጠየቅነው ደረሰኝ ነበር። ሰውየው ሌባ ይሁን ዝርክርክ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። የለየልኝ ነገር ቢኖር እኔ የመረጥኩት ጸሎት መሪ እንጂ ገንዘብ ያዥ እንዳልነበረ ነው። ለጸሎት መሪነት ከሆነ ዛሬም እሱን እመርጣለሁ።

ይህን የነገርኩሽ አባትሽን ለማሳጣት አይደለም። አባትሽ የያዙት ነገር ቁም ነገር አለው። አንድ ባለሥልጣን ከሚወስነው ውስጥ አብዛኛውን የሚወስነው እኔና አንቺ በሌለንበት ክፍል ነው። ፋይሉን ሲገልጥ፣ ስልኩን ሲያነሳ፣ የዘመዱን ስም ከዝርዝሩ ሲያይ ከጎኑ ቆመን አንጠብቀውም። ስለዚህ «ሰው ባያየኝ ፈጣሪ ያየኛል» የሚል ሰው በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ መመኘት ሞኝነት አይደለም። ምኞቱ ደግ ነው፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። ፈሪሃ ፈጣሪ በሃይማኖት ስም የሚለካ ቢሆን ኖሮ እስር ቤቶች ውስጥ አንድም ምእመን ባልተገኘ ነበር።

ወንድምሽም ቢሆን የያዘው ግማሽ እውነት ነው። የጫማ ቁጥር ንጉሥን ከዙፋን አያስነሳም፤ እምነት ግን አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የቤልጂየም ፓርላማ ጽንስ ማቋረጥን በተወሰነ ሁኔታ የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ የሚጸናው ንጉሡ ሲፈርሙበት ነው። ንጉሥ ቦድዋን ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩ። ከ1951 ጀምሮ ስንቱን ሕግ ሲፈርሙ ኖረው በዚህኛው ላይ ብዕራቸውን አላነሳም አሉ። ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብለው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፉ፤ በዚያው ደብዳቤ ደግሞ የአገሪቱን የሕግ አሠራር ማደናቀፍ እንደማይፈልጉ ገልጸው መላ እንዲፈለግ ጠየቁ። የተገኘው መላ ለሰሚው ይገርማል። ሕገ መንግሥቱ ንጉሡ መግዛት በማይችሉበት ጊዜ ሚኒስትሮች ተክተው እንዲሠሩ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አባታቸው በጀርመኖች እጅ ሲወድቁ አገልግሎ ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን መንግሥት ንጉሡ መግዛት አይችሉም ብሎ አወጀ፤ ሚኒስትሮቹ ሕጉን ፈረሙ፤ በማግስቱ ፓርላማው ተሰብስቦ ንጉሡን ወደ ሥልጣናቸው መለሳቸው።

የሕግ ጨዋታ ነው ብለው የተቹ ነበሩ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ጤነኛ ሰው በአንድ ቀን ታሞ በአንድ ቀን አይድንም። ቢሆንም ወንድምሽ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይይልኝ። የንጉሡ እምነት ከባድ ነገር ነበር፤ እጃቸውን ይዟል። ያም ሆኖ ሕዝብ የመረጠው ፓርላማ ያጸደቀውን ሕግ አላስቀረም። ዋጋውን ለመክፈል የቀረቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሌላው ሰው እንዲከፍልላቸው አልጠየቁም። እንግዲህ ስለ ዕጩዎችሽ እንድትጠይቂ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ እምነቱ ከሹመቱ ጋር በተጋጨ ቀን ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? ራሱ ነው ወይስ ጎረቤትሽ?

አብርሃም ሊንከንም ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት በሃይማኖት ምክንያት ተከሶ ያውቃል። በ1846 በኢሊኖይ ግዛት ለአሜሪካ ምክር ቤት ሲወዳደር ተፎካካሪው ፒተር ካርትራይት የሚባል የታወቀ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። ሊንከን ሃይማኖት የለሽ ነው፣ በክርስትና ላይ ይሳለቃል የሚል ወሬ ተነዛ። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሊንከን በራሪ ወረቀት አሳተመ። የየትኛውም የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አባል አለመሆኑ እውነት መሆኑን እዚያው አመነ። ቀጥሎ የቅዱሳት መጻሕፍትን እውነትነት ክዶ እንደማያውቅ፣ ሆን ብሎም ሃይማኖትን በንቀት ተናግሮ እንደማያውቅ ጻፈ። ብዙ ሰው የማይጠቅሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እኔም ብሆን የሃይማኖት ግልጽ ጠላትና ተሳላቂ የሆነን ሰው ለሥልጣን ለመደገፍ አይሆንልኝም አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ስለ ገነትና ሲኦል አልተከራከረም፤ ማንም ሰው አብሮት የሚኖረውን ማኅበረሰብ ስሜት የመዝለፍ መብት የለውም የሚል ነው። ሰባኪውን አሸነፈ።

ያቺን ወረቀት የምወድላት ሰዎች አጣምረው የያዙትን ሦስት ነገር ስለለያየችው ነው። የማን አባል ነህ? በልብህ ምን ታምናለህ? የሚያምኑትን ሰዎች እንዴት ትይዛለህ? የመጀመሪያው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የእሱና የፈጣሪው ነው፤ ብትጠይቂውም የሚመልስልሽ ለምርጫ የሚበጀውን ነው። ሦስተኛው ግን የአንቺ ነው፤ ሰውየው ነገ አንቺንም እኔንም የሚይዝበት እጅ ነውና።

አባትሽ «የእኛ ሰው» ሲሉ የቱን ማለታቸው እንደሆነ ደብዳቤሽ አይነግረኝም። እኔ እንደታዘብኩት ሰው ስለ ሃይማኖት ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ማለቱ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። አሜሪካኖች በ1976 ጂሚ ካርተርን ሲመርጡ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች «የእኛ ሰው» ብለው ተደስተው ነበር። የባፕቲስት እምነት ተከታይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ስለ እምነታቸው ሳያፍሩ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በ1980 ታዲያ ከእነዚያው መራጮች ብዙዎቹ ካርተርን ትተው ወደ ሮናልድ ሬጋን ሄዱ። ሬጋን የመጀመሪያ ትዳራቸውን የፈቱ የሆሊውድ ተዋናይ ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ የካርተር እምነት አልቀዘቀዘም፤ የሰንበት ትምህርቱንም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አስተምረዋል። መራጮቹ የፈለጉት የተወሰነ ፖሊሲ ነበር። ፖሊሲ መፈለግ ነውር የለበትም፤ በስሙ መጥራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አባትሽም የሚፈልጉት የተለየ ነገር ካለ በስሙ ይጥሩት፤ ያኔ ከሁለቱ ማን እንደሚፈጽመው መመርመር ይቻላል።

ምናልባትም የያዛቸው ፍርሃት ይሆናል። ይህን አትናቂው። እምነታቸው የተናቀባቸው፣ አምልኳቸው የተከለከለባቸው ሰዎች የራሳቸውን ሰው ወንበር ላይ ማየት ቢናፍቁ እኔ አልፈርድባቸውም። በለንደን ሊዮኔል ዴ ሮትሽልድ የሚባል አይሁዳዊ በ1847 ለፓርላማ ተመረጠ። መሐላው «በክርስቲያን እውነተኛ እምነት» የሚል ቃል ስለነበረበት ያን አልልም አለ፤ ወንበሩንም ተከለከለ። መራጮቹ ደግመው ደጋግመው መረጡት። ሕጉ ተሻሽሎ እንደ አይሁድ ሥርዓት ራሱን ተከናንቦ፣ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ምሎ የተቀመጠው በ1858 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! እንዲህ ዓይነት በር ለተዘጋበት ሕዝብ የአንድ ሰው እምነት ትልቅ ነገር ነው። ከመራጮቹ ውስጥ ግን ስንቱ ክርስቲያን እንደነበረ አስቢ፤ ያለ እነሱ ድምፅ አንድ ጊዜም ባልተመረጠ ነበር።

ሴኔጋልም አለችልሽ። ከሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በ1960 ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቷ የሆኑት ካቶሊኩ ሊዮፖልድ ሴዳር ሰንጎር ናቸው፤ ሃያ ዓመት መርተው በፈቃዳቸው ወረዱ። ከጠንካራ ደጋፊዎቻቸው መካከል የሱፊ ጠሪቃ፣ ማለትም የሙስሊም መንፈሳዊ ማኅበራት፣ መሪዎች ነበሩበት። መልአክ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አብረዋቸው የታገሉትን ጠቅላይ ሚኒስትር ማማዱ ዲያን በ1962 አስረው እስከ 1974 አቆይተዋቸዋል። ይህን ያደረጉት ግን ካቶሊክ ስለሆኑ አልነበረም፤ ሥልጣን ለሁለት አልበቃ ስላለ ነው።

አሁን በደብዳቤሽ በአንድ መስመር ብልጭ አድርገሽ ወዳለፍሽው ነገር ልመለስ። የእናንተው ዕጩ ትምህርት ቤቶች በእኛ ጸሎት እንዲከፈቱ አደርጋለሁ ብሏል፤ አንቺም ደስ ብሎሻል። ደስ ማለቱ ያለ ነው፤ ሰው የሚወደውን ነገር በአደባባይ ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። ነገር ግን የሰውየው እምነት ጉዳይሽ መሆን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ አምልኮ ቦታ መሄዱ የግሉ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የመንግሥት ሥራ ዕቅድ ሆኗል። ዕቅድ ከሆነ ደግሞ እንደ መንገድና እንደ ውኃ ዕቅድ ይጠየቃል።

ይህ ነገር ተሞክሮ ያውቃል። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት የትምህርት ቦርድ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጸሎት አዘጋጀ። በእንግሊዝኛው ሃያ ሁለት ቃል ብቻ ናት። ማንንም እንዳታስቀይም ተጠንቅቀው የጻፏት፣ የማንም ሃይማኖት ስም የሌለባት ጸሎት ነበረች፤ ያልፈለገ ልጅም እንዳይደግማት ይፈቀድለታል። እንዲያም ሆኖ ወላጆች ከሰሱ። ከከሳሾቹ ውስጥ ራሳቸው የሚያምኑና የሚጸልዩ ነበሩበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 25 ቀን 1962 ለመንግሥት ጸሎት የመጻፍ ሥልጣን የለውም ሲል በስድስት ለአንድ ድምፅ ወሰነ። አገሩ በቁጣ ነደደ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በጋዜጣዊ መግለጫቸው ተጠየቁ። ቀላል መፍትሔ አለን አሉ፤ እኛው ራሳችን መጸለይ፤ በየቤታችን የበለጠ መጸለይ።

ይህን የተናገሩት ኬኔዲ መሆናቸውን ልብ በይልኝ። ካቶሊክ ቢመረጥ አገሪቱን ለሮም ያስረክባታል እየተባለ ሲፈሩ የነበሩት እኮ እሳቸው ናቸው። በ1960 መስከረም ላይ ሂዩስተን ከተማ ሄደው በፕሮቴስታንት ቀሳውስት ጉባኤ ፊት ቆሙ። በመንግሥት ጉዳይ ቤተ ክርስቲያኔ በእኔ ስም አትናገርም፣ እኔም በእሷ ስም አልናገርም አሉ፤ ሹመቴ ወይ ሕሊናዬን ወይ የአገሬን ጥቅም እንድጥስ የሚያስገድደኝ ቀን ከመጣ ሥልጣኔን እለቃለሁ ብለውም ጨመሩ። ለምርጫ ሲሉ ነው ብለው ያላመኗቸው ብዙ ነበሩ። በመላ አገሪቱ የበለጡት በመቶ ሺህ ጥቂት ፈቅ ባለ ድምፅ ነው። ንግግራቸውን ማመን አለማመን የመራጩ ፈንታ ነበር፤ የጸሎቱ ጥያቄ ሲመጣ ግን ሥራቸው ታየ።

እስቲ ቦታ ለውጪ። ሁለተኛው ዕጩ «ካሸነፍኩ ትምህርት ቤቶች በእኔ እምነት ጸሎት ይከፈታሉ» ቢል ኖሮ ምን ይሰማሽ ነበር? እንኳን አንቺ፣ አባትሽ ያን ዕለት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በሦስተኛው ረድፍ የቆመች የስምንት ዓመት ልጅ ትታየኛለች። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። እሷ አፏን ገጥማ፣ በእጆቿ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት አስተማሪዋ አየቻት አላየቻት እያለች በቆረጣ ትመለከታለች። «ያልፈለገ አይደግምም» የሚለው ሕግ ለእሷ ምኗም አይደለም። ያቺ ልጅ የአንቺ ብትሆን ለዕጩው ድምፅ አትሰጪም። የሌላ ሰው ልጅ ስትሆን ብቻ ነው ልብሽ የሞቀው፤ ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፣ እኔም ስንት ጊዜ ሞቆኛል።

ሌላም ያየሁት አለ። ስለ እናንተው ዕጩ ሦስት ነገር ነግረሽኛል፦ ከአምልኮ አይጠፋም፣ ቅዱስ ቃል ይጠቅሳል፣ ጸሎት ያስጀምራል። ስለ ክሊኒክ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ግብር ምን እንደሚል አንዲት ቃል የለችም። ወይ አንቺ አልጠየቅሽም፣ ወይ እሱ አልተናገረም። ከሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥራውን ነግረሽኝ እምነቱን «ሌላ» ብለሽ ብቻ አልፈሽዋል። ይህም ጎዶሎ ነው። ሰውየው ደብዳቤ ስለመለሰ ብቻ አትመኚው። በእነዚህ አራት ዓመታት የእናንተን አምልኮ የሚነካ ጉዳይ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የመቃብር ቦታ ሊሆን ይችላል፣ የአምልኮ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሊሆን ይችላል፣ እንዴት ድምፅ ሰጠ? የራሱ እምነት ሰዎች ጥፋት ሲያጠፉ ዝም አለ ወይስ ተናገረ? ይህ ሁሉ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይኖራል። አንብቢው፤ አንብበሽም ልትተዪው ትችያለሽ።

በነገራችን ላይ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለማንኛውም የመንግሥት ሹመት ሃይማኖት እንደ መመዘኛ እንዳይጠየቅ በስድስተኛው አንቀጽ ይከለክላል። ይህን እየጠቀሱ መራጩም ስለ እምነት ማሰብ የለበትም የሚሉ አሉ፤ ወንድምሽም ሳይሰማው አልቀረም። ክልከላው የመንግሥትን እጅ ነው የሚይዘው። መራጩ በፈለገው ምክንያት ይመርጣል፤ በከራባት ቀለምም ቢሆን። መብቱ ሰፊ ስለሆነ ነው ማስተዋሉ የሚከብደው።

ስለ ሰባኪያችሁ ብዙ አልናገርም፤ በክህደት ትርጉም ከእሱ ጋር የምከራከርበት ወንበር የለኝም። ሐቀኛ ምረጡ፣ ጉቦኛ አትምረጡ፣ ለድሃ የሚፈርድ ምረጡ ቢል ሥራው ነው፤ ቢተወው ነው የሚወቀስ። ዕጩ ጠቁሞ ሌላውን መምረጥ ክህደት ነው ሲል ግን መድረኩን ለምርጫ ቅስቀሳ አውሶታል። በ1872 በአየርላንድ፣ በጎልዌይ በተደረገ የማሟያ ምርጫ አንዱን ዕጩ የመሬት ባለቤቶች፣ ሌላውን ካህናት ደገፉ። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ፣ በስም ነበር። ገበሬው ወዲህ ቢል ከመሬቱ መነቀል ያስፈራዋል፣ ወዲያ ቢል የካህኑ ቁጣ። ካህናቱ የደገፉት አሸነፈ፤ ዳኛው ግን ካህናቱ መራጩን አስፈራርተዋል ብሎ ውጤቱን ሰረዘው። በዚያው ዓመት በብሪታንያና በአየርላንድ የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ ሕግ ወጣ። አንቺ ነገ የምትገቢባት ጠባብ መከለያ ለባለ መሬቱም ለካህኑም አጥር ሆና የተሠራች ናት፤ ለአባትም ጭምር።

ሰባኪውን ለብቻው አግኝተሽ በትሕትና «የእኛው ሰው ውሸታም፣ ሌላው እውነተኛ ሆነው ቢገኙስ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚመልስልሽን ስሚ። እኔ ለእሱ የማዝንለት በሌላ ነው። ዛሬ ያጨበጨበለት ዕጩ ነገ በሙስና ቢያዝ የሰውየው ነውር የሚለጠፈው በዚያው መድረክ ላይ ነው።

ወደ አባትሽ ልሂድ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አባትሽ ሁለት ሳምንት ያኮረፉት ለዕጩው ብለው አይመስለኝም። ልጄ እምነቷን እየተወች ነው ብለው ሰግተው ነው። ስለዚህ ስለ ምርጫው ከማንሳትሽ በፊት ይህን አስወግጂላቸው። ተኮራርፋችሁ ሳለ አይሁን፤ ወንድምሽም እየሳቀ አጠገባችሁ አይቀመጥ። «አባዬ፣ ያስተማርከኝን እምነት አልተውኩም። አደራ አትብላ፣ በሐሰት አትመስክር፣ ለተጠቃ ቁም ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ በዚያው ሚዛን ነው ሁለቱን የመዘንኳቸው» በያቸው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ደብዳቤሽን ያነበበ ሰው እውነት መሆኑን ያውቃል። ክርክር ውስጥ ከገባችሁ የኬኔዲንም የሰንጎርንም ታሪክ አትዘርዝሪባቸው፤ አባት በልጁ ዕውቀት ሲረታ ይብስበታል።

ለማን እንደምትሰጪ አጥብቀው ቢጠይቁሽ አትዋሺ። ለእናንተው ሰው እሰጣለሁ ብለሽ ለሌላው ብትሰጪ ያቺ ውሸት ከምርጫው በላይ ዕድሜ ይኖራታል። «ይህችን ለእኔና ለሳጥኑ ተውልን» ማለት ግን ይቻላል፤ በፈገግታ ከተባለ አባት ይቀበለዋል። እንዲያው ልብሽ ተመልሶ ለእናንተው ዕጩ ለመስጠት ብትወስኚም እኔ ቅር አይለኝም። እምነቱን ስለወደድሽለት ብቻ ከሆነ ግን ገንዘብ ያዣችንን አስታውሺ።

ሁለቱም ዕጩዎች ከምርጫው በፊት ከመራጮች ጋር የሚገናኙበት ስብሰባ መኖሩ አይቀርም። አባትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ወደ ሁለቱም። እሳቸው ታላቅ ሰው ናቸውና ማይክሮፎኑ ቶሎ ይደርሳቸዋል። ሁለተኛውን ስለ ፈቃዱና ስለ መቃብሩ ይጠይቁት፤ የፈሩትን ሁሉ ፊት ለፊት ያውጡት። ከእናንተው ዕጩ ስብሰባ ላይ ደግሞ አንቺ እጅሽን አውጪና ያቺ በሦስተኛው ረድፍ የቆመች ልጅ ጠዋት ጠዋት ምን ታድርግ ብለሽ ጠይቂው። ሲመልስ አንቺ እሱን እይ፤ አባትሽም ይስሙት። ከዚያ ወደ ቤት ስትመለሱ አንቺ ምንም አትበይ፤ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ።